ሁሌ ሙሉ የሚለው ጌጅ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ጠላት አያስፈልገውም፤ ሥራውን መኪናው ይሠራለታል። አሮጌ የስፖርት መኪና ያለው ሰው ደግሞ... እሱንስ ተዉት፣ ጸልዩለት!

የኔዋ ቀይ ናት። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ከመሬት ከፍ ያለችው ስንዝር የማትሞላ። በቡራዩ ኮረኮንች እሷን መንዳት በሆድ መሳብ ማለት ነው። "ለምን ገዛሃት?" እንዳትሉኝ። ባለቤቴ አልማዝ ስትጠይቀኝ ኖራለች፣ እስካሁን መልሱ አልመጣልኝም።

ጉድለቷ ብዙ ነው፤ ለዛሬ የሚያገባን የነዳጅ ጌጇ ነው። ሁሌ "ሙሉ" ነው የሚለው። ታንኩ ደርቆ ሸረሪት ቢያደራበት እንኳ ቀስቷ ሙሉ ላይ ቀጥ ብላለች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው!

ታዲያ የአልማዝ ታናሽ እህት ሱሉልታ ልትዳር ሆነ። አማቼ ሳያማክሩኝ "ልጄ የምትወጣው በስፖርት መኪና ነው" ብለው ለአገሩ አወጁ።

"ስማ" አለችኝ አልማዝ። "ለቅሶ ስንሄድ እንዳደረገችን ሙሽራዋን ይዛ መሀል መንገድ ብትቆም፣ እዚህ ቤት እንዳትመለስ።"

"ኧረ አስጠግናታለሁ!"

ሰበታ ጌጅ የሚጠግን ሰው አለ። ስደውልለት "ጌጁን ነቅለህ ከነመኪናዋ ይዘህልኝ ና" አለኝ። የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ካቻቢቴ ይዤ ዳሽቦርዱ ሥር ገባሁ። የቱ ብሎን የቱን እንደያዘ ስላላወቅኩ ሁሉንም ፈታሁ። የነዳጁን ብዬ ስስብ የሙቀቱም፣ የዘይቱም፣ የፍጥነቱም ከነሽቦአቸው ተከታትለው ወጡ። ዳሽቦርዱ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መሰለ። ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከመክተቴ በፊት የነዳጁን አየት አደረግኩት። "ሙሉ" አለኝ። ውሸታም መሆኑን እያወቅኩ ደስ አለኝ... ሰው መሆን እንዲህ ነው።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የጋለበት ነበር። ዛሬ ቡራዩ፣ ነገ ሰበታ፣ ከነገ ወዲያ ሱሉልታ መንገድ ይዘጋል። ልጁ የሞተበት ነበር፣ ልጁ የታሰረበት ነበር። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ከሰላምታ በፊት "መንገድ ክፍት ነው?" ይላል። እኔም ጠየቅኩ፣ ክፍት ነው አሉኝ፣ ወጣሁ።

አሸዋ ሜዳን አለፍ እንዳልኩ መኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰችና ቀጥ አለች። ቤንዚን!

በአገራችን መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ምን ይደረጋል? ታውቁታላችሁ። ወረድኩ፤ ከመንገድ ዳር ደህና ደህና ድንጋይ ለቅሜ ከኋላዋ ደረደርኩ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ዘንጥዬ ጣል አደረግኩበት። ከኋላ የሚመጣው አይቶ እንዲጠነቀቅ ነዋ! ደንበኛ የሾፌር ሥራ ነበር።

አንድ ሚኒባስ መጣ። ድንጋዩንና ቅጠሉን ከሩቅ ሲያይ ፍሬን ያዘ። ወያላው በመስኮት ወጥቶ "ተዘግቷል! አዙረው!" ብሎ ጮኸ። ዞሩ። ሌላው ተከተለ። አይሱዙውም ዞረ።

"ኧረ ክፍት ነው! እለፉ!" እያልኩ እጄን ሳወናጭፍ ጭራሽ ፈጠኑ። በዚያ ሰሞን ድንጋይ ከደረደረ ሰው ጋር ቆሞ የሚከራከር የለም። ከወዲያ በኩል የሚመጡትም ወሬው ደርሷቸው ቀሩ። ያን የሚያህል የአምቦ መንገድ ብቻዬን፣ ያለ ምንም ዓላማ፣ ዘጋሁት።

ኦቦ ቶሎሳ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። እርሻቸው መንገዱ ዳር ነው፤ ወተት የምንገዛው ከሳቸው ቤት ስለሆነ ያውቁኛል።

"አካም ጅርታ? ማሊ ኩኒ?" ይሄ ምንድነው ማለታቸው ነው።

"ቤንዚን አልቆብኝ ነው፣ ኦቦ። ነገ ደግሞ ሙሽራ ልታወጣ ነው።"

ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ። "እኔ ደግሞ ልጆቹ ሳይነግሩን መቼ ዘጉት እያልኩ ነበር" አሉና፣ ለውሃ መሳቢያ ሞተራቸው ካስቀመጡት ቤንዚን አንድ ሃይላንድ አመጡልኝ። እግዜር ይስጣቸው!

ድንጋዩን ማንሳት ስጀምር ወጣቶች ግር ብለው መጡ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ድንጋይ እያነሳሁ።"

"ማን ፈቀደልህ? መንገዱ ተዘግቷል እኮ!"

"የዘጋሁት እኔ ነኝ!"

"አንተ ማን ነህና ነው የምትዘጋው?"

እውነትም ማን ነኝ? ድንጋዩን ቦታው መለስኩት።

ይሄኔ የፖሊስ ፒክአፕ ከች! ልጆቹ በእርሻው በኩል ብን አሉ። እስቲ በፖሊሶቹ ዓይን እዩኝ፤ ከድንጋይ ክምር ጀርባ ቆሜያለሁ፣ በቀኝ እጄ ቤንዚን በሃይላንድ፣ በግራዬ፣ እንዳይሰረቅብኝ ይዤው የወረድኩት፣ ሽቦ የተንጠለጠለበት ጥቁር ፌስታል። በዚያ ሰሞን ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ የቀረ ሰው ነበር።

"ማን ዘጋው?" አለ አለቃቸው።

ቅድም "እኔ ነኝ" ያለው ምላስ አሁን ተጣበቀ። "ነ... ነዳጅ ጨርሳ ነው፣ ኮማንደር።" ማዕረጉን አላውቅም፤ ጠመንጃ ለያዘ ሰው ከኮማንደር በታች አልሰጥም።

"ፌስታሉ ውስጥ ምንድነው?"

"የነዳጅ ጌጅ።"

አወጣው። ገለባበጠው። ጠጋ አድርጎ አነበበው።

"ሙሉ ነው የሚለው!"

"እሱ እኮ ሁሌም..."

"ጌጁ ሙሉ ነው ይላል፣ አንተ አለቀ ትላለህ። ማንን ልመን?"

ኦቦ ቶሎሳ በምርኩዛቸው የመኪናዋን ጎን ኳ ኳ አደረጉ። "ልጄ፣ ታንኩን ጠይቀዋ! ነገ ሙሽራ የምታወጣ መኪና ናት።"

አለቃው አሰበ። "ቅዳ። ከተነሳች ትሄዳለህ። ካልተነሳች ከኛ ጋር ትሄዳለህ።"

ቀዳሁ፣ ግማሹን ሱሪዬ ጠጣው። ቁልፉን አዞርኩ። እኽ... እኽ... ዝም። ደገምኩ። ዝም! ለብዙ ታቦት ተስዬ አውቃለሁ፣ ለካርቡራተር ስሳል ግን የመጀመሪያዬ ነበር። እንደገና አዞርኩ... አገሳች!

"ገለቶሚ ዋቃ!" ብለው ፈጣሪን አመሰገኑ ኦቦ ቶሎሳ።

አለቃው ፌስታሉን መለሰልኝ። የነዳጁን ጌጅ ግን ያዘው። "ይሄ ለኤግዚቢት ይቀራል።" ማን ይከራከራል? ሰበታም ቀረ፣ ማደያ ገብቼ ታንኩን እስኪፈስ አስሞልቼ ወደ ቤቴ።

በማግስቱ ሙሽራ መኪና የሚያስጌጡት ልጆች ባዶዎቹን ቀዳዳዎች ሲያዩ ጽጌረዳ ሰገሰጉባቸው። ሱሉልታ "ዳሽቦርዷ ሳይቀር አበባ!" ብሎ ጉድ አለ፤ አማቼ አንገታቸው ረዘመ። መኪናዋም አልቆመችም፣ እኔም ቤቴ ተመለስኩ።

ዛሬ ነዳጄን የምለካው ታንኩ ውስጥ ዘንግ ነክሬ ነው። ያ ጌጅ ግን ይኸኔ የሆነ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ለገባው ሁሉ "ሙሉ ነው" እያለ ይሆናል። አልቀየምኩትም... እንጀራውን አገኘ።