ትርንጎ በጅቦች ችሎት

ትርንጎ ሕልሙን ያየችው ባለፈው እሁድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ጆንያ ላይ ተጋድማ ነው። በቀን የታየ ሕልም ሕልም አይባልም የሚል ካለ ለራሱ ይያዘው፤ እሷ አይታለች። ቴአትሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ የሸክላ ሠሪዋን ቡትቶ እንደለበሰች፣ ፊቷን አመድ እንደተቀባች፣ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳት።

እንቅልፍ የተጠራቀመባትን ምክንያት አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቴአትሩ ቡዳ ናት ተብላ ስለተከሰሰች ሴት ነው። ባላምባራስ ገሰሰ የሚባሉ ባለርስት አሉ፤ ልጃቸው ውዲቱ ሠርጓ ሲቃረብ ድንገት ትወድቅባቸዋለች። አዋቂ ይጠራል። አዋቂው እንደ ወጉ ልጅቷን በጭስ አጥኖ "ማን በላሽ?" እያለ ይጠይቃታል፤ እሷም ትለፈልፋለች። "እመት ዝማም በላችኝ" ትላለች። እመት ዝማም ወንዝ ዳር የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ጎትተው ያመጧትና ልጅቷ እንድትድን "እንትፍ በይባት" ይሏታል። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ እንትፍ ካለች አመነች፣ እንቢ ካለች ደግሞ ልጅቷን ገደለች።

እመት ዝማምን የምትጫወተው ትርንጎ ናት። ሦስት ወር ሙሉ የተለማመደችው እመት ዝማም እንትፍ አልልም ብላ ቀና እንዳለች ስትሄድ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ግን ገምጋሚ ተብለው የመጡ ሰዎች ይኼ አጨራረስ ሕዝብ ያስቀይማል አሉ። አዘጋጁ ጋሽ ልዑልሰገድ ቀን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለና ቀየረው። እመት ዝማም ተንበርክካ "እኔ ነኝ የበላኋት" ትላለች፣ እንትፍ ትላለች፣ ልጅቷ ብድግ ትላለች፣ መጋረጃ ይዘጋል። አለቀ።

የትርንጎ ነገር ግን ከዚህም ይብሳል። እሷ ራሷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ በቡድኑ ውስጥ ይህንን የሚያውቅ የለም። እናቷ እመት አሞኘሽ ከከተማው ወጣ ብላ ነው የምትኖረው፤ ትርንጎ ደግሞ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ስለቤተሰቧ ሲጠይቋት ወሬ መቀየር ለምዳለች። ሐሙስ ዕለት ለመድረኩ የሚሆኑ እንስራና ገንቦዎች ታዘዙ፤ ተሸክማ ያመጣችው እናቷ ሆነች። ጋሽ ልዑልሰገድ ሁለቱን አየት አየት አድርጎ "ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" ቢላት፣ ትርንጎ "በገበያ አይቻታለሁ" አለችው። እመት አሞኘሽ ሰምታለች። ገንቦዎቹን አንድ በአንድ አውርዳ ደርድራ፣ እሁድ መጥቶ ማየት ለማንም ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቃ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ትርንጎ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም።

ወደ ሕልሙ ልመለስ። አዳራሹ ያው አዳራሽ ነው፤ ግን ወንበሮቹ ናቸው ሰዎቹ ላይ የተቀመጡት። አንድ ባለሦስት እግር ዱካ ወፍራም ሰውዬ ላይ ተቀምጦ "ይኼ ሰውዬ ይቆረቁራል፣ ሌላ የላችሁም?" እያለ ያጉረመርማል። ሰውዬውም ይቅርታ እየጠየቀ ጀርባውን ያስተካክላል። ትርንጎ ማንም ሳያስረዳት ነገሩ የተለመደ መሰላት። ሕልም እንደዚህ ነው።

በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። ሰዎቹ ልጆቻቸውን አጥበው፣ ፀጉራቸውን ቀብተው፣ አሳምረው ይዘዋል። ከሰልፉ ፊት ባላምባራስ ገሰሰ ቆመዋል፤ እሳቸውን የሚጫወተው ሰው ሳይሆን ራሳቸው ባላምባራሱ። ትርንጎን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ።

"እመት ዝማም፣ እባክዎን አንድ ጊዜ ይዩኝ" አሉ። "አገሩ ሁሉ ተበልቶ እኔ ብቻ ቀረሁ። ጎረቤት ምን ይለኛል?"

ለካስ በዚያ አገር ቡዳ ያልበላው ሰው ሰው አይደለም። የሚያስቀና ነገር የለውም ይባላል። ለሥራ ሲያመለክት ማን እንደበላው ይጠየቃል፤ ያልተበላ ጎረምሳ ሚስት አያገኝም። እናቶች ልጆቻቸውን ሲመርቁ "ዓይን ይብዛልህ" ነው የሚሉት። አንዲት ሴት ሕፃኗን ወደ ትርንጎ አፍንጫ አስጠግታ፣ ልጄ ምን ጎድሎት ነው አልፈሽው የምትሄጂው ብላ ተቆጣች። ትርንጎ እኔ ቡዳ አይደለሁም፣ ማንንም በልቼ አላውቅም ብላ አስረዳች። ሰልፈኛው አጉረመረመ። ንቃናለች፣ ሀብታምን ብቻ ነው የምታየው ተባለ። ባላምባራሱ እንባቸው መጣ።

በዚህ መሀል ሁለት እንስራዎች በእግራቸው መጥተው ግራና ቀኝ ያዟት። አንዱ እንስራ አንገቱ ላይ የእናቷ አውራ ጣት ምልክት አለበት፤ እመት አሞኘሽ ሸክላው ሳይደርቅ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ጫን ታደርጋለች። ትርንጎ ወዲያው አወቀችው፤ አፈረችም።

"በእጅሽ ካልነካሽን ስንት ዓመት ሆነሽ?" አላት እንስራው። ወሰዷት።

ችሎቱ ላይ ሦስት ጅቦች ተሰይመዋል። የመሀል ዳኛው መነጽር አድርጓል። ከእሷ በፊት የነበረው ተከሳሽ አንድ ምስኪን ጅብ ነው፤ ክሱም ቀን ቀን ወደ ሰውነት ይለወጣል የሚል ነው። ምስክር ተሰማበት። ሱሪ ለብሶ ስብሰባ ላይ ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ አለ አንዱ። ሌላዋ ደግሞ የታመመ ጎረቤቱን ስም ሲያጠፋ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ይኼ የጅብ ሥራ አይደለም አለች። ተከሳሹ መሬት ላይ ተደፍቶ "ጌታዬ፣ እኔ ጅብ ነኝ፤ አባቴም እናቴም ጅብ ናቸው" እያለ አለቀሰ። ዳኛው አዘነለት፤ ግን ከሰው ጋር እንዳይገናኝ አስጠነቀቀው።

የትርንጎ ተራ ደረሰ። በዚያ አገር የሚታጠነው የታመመው ሰው አይደለም፤ ከሳሹ ነው። የሚጠየቀውም ማን በላህ ተብሎ ሳይሆን ምን ፈለግህ ተብሎ ነው። መጀመሪያ ባላምባራስ ገሰሰን አጠኗቸው። አንድ ሁለቴ ሳሉና ለፈለፉ።

"ወንዝ ዳር ያለችውን መሬቷን ፈለግሁ" አሉ። "ሴትዮዋን እንኳ ጠልቻት አላውቅም። እንዲያውም ገንቦዋ ጥሩ ነው፤ ጠላው ይቀዘቅዝልኛል።" ከአፋቸው ስለወጣው ነገር ከሁሉም በላይ የደነገጡት ራሳቸው ናቸው።

አዋቂውን ሊያጥኑት ሲሉ ሸሸ። አዳራሹን ሦስት ጊዜ ዞረው ያዙት። ከጭሱ በኋላ ድምፁ ቀጠነ። የልጅቷ በሽታ ምን እንደሆነ እንዳልገባው፣ አላውቅም ቢል አዋቂ ብሎ የሚጠራው ሰው እንደማይኖር፣ ለዚህ ብሎ እንዳደረገው ተናገረ። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አላውቅም ለማለት ሲመኝ የኖረ ይመስል ነበር።

ውዲቱ ግን በራሷ እግር መጣችና ጭሱ ላይ ጎንበስ አለች።

"ባል አልፈልግም ነበር" አለች። "ወደቅሁ። ማን በላሽ ብለው አስጨነቁኝ። የአባቴን ስም ብጠራ ይገድለኛል፣ የሙሽራውን ብጠራ ይገድለኛል። ማንም የማይከራከርላት ማን ናት ብዬ አሰብኩና እሷን ጠራሁ።"

ወንበሮቹ እንኳ መንቀሳቀስ ተዉ። ትርንጎ በዚህች ልጅ ለሦስት ወር ስትናደድባት ነበር፤ አሁን አንጀቷን በላቻት። ቢሆንም ይቅር ልትላት አልቻለችም።

ዳኛው ወደ ትርንጎ ዞረና እሷም እንድትታጠን አዘዘ። እኔ ከሳሽ አይደለሁም አለች። ማንንም አልከሰስኩም፣ የማንንም ስም አልጠራሁም አለች።

"ልክ ነሽ" አለ ዳኛው መነጽሩን እያስተካከለ። "ሐሙስ ዕለት ስም አልጠራሽም። እዚህ አገር ስም የሚጠራና ስም የማይጠራ በአንድ ጭስ ነው የሚታጠኑት።"

ለጭሱ ያነደዱት አዲሱ አጨራረስ የተጻፈበትን ወረቀት ነው። ትርንጎ አፏን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ጥርሷን ነከሰች። ጭሱ በአፍንጫዋ ገባና አፏን ከውስጥ ከፈተው።

"ጭብጨባ ፈለግሁ" አለች። "ጭቃ የማይነኩ ሰዎች መሀል መቀመጥ ፈለግሁ። እናቴን በገበያ አይቻታለሁ አልኩ።"

አንገቱ ላይ ምልክት ያለበት እንስራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ይኼ ከሁሉም በላይ አመማት። ሦስቱ ጅቦች ተጠጋግተው ተንሾካሾኩና ዳኛው ፍርዱን አነበበ፤ ትርንጎ ከዛሬ ጀምሮ ቀን ቀን ሰው እንድትሆን ተፈርዶባታል፣ ይግባኝም የለውም ተባለ። ያ የተከሰሰው ጅብ ከኋላ ሆኖ አይዞሽ ይለመዳል አላት።

ችሎቱ ሊነሳ ሲል ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወደ መድረኩ መጣ። ባላምባራሱ፣ አዋቂው፣ ሰልፈኞቹ፣ ጅቦቹ ሳይቀሩ ተንበርክከው አንገታቸውን ሰጡ። እንትፍ በይልን፣ አንቺ እንትፍ ካልሽልን ሁላችንም እንድናለን፣ ማንም ጥፋተኛ ሳይሆን ወደ ቤቱ ይገባል ብለው ለመኗት። ልመናው ቀስ እያለ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ወንበሮቹ ከሰዎቹ ላይ ተነሥተው ቆሙ። ትርንጎ ፈርታ፣ ግን አንዲት እርምጃ ሳታፈገፍግ "አልልም" አለች። "የበላሁት የለም፣ አልልም።" ዳኛው ዘልሎ ትከሻዋን ያዘና ናጣት።

"ተነሺ፣ ትርንጎ፣ ተነሺ! ጽጌ ወድቃለች።"

ጋሽ ልዑልሰገድ ነበር። ትርንጎ ዓይኗን ገለጠች፤ ጭሱ ግን አልጠፋም። የእውነት ጭስ ነው። ውዲቱን የምትጫወተው ጽጌ በሠርግ ቀሚሷ መሬት ላይ ተዘርራለች። ቀሚሱ ጠቧት ዚፑ አልዘጋ ስላለ ከትናንት ምሳ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል፣ ሲስቁባት ነበር ያረፈዱት። አዋቂውን የሚጫወተው ሰው በሥራው የኬሚስትሪ መምህር ነው። የሚጨስ ጨርቅ አፍንጫዋ ሥር ይዞ "ማን በላሽ?" ይላታል። እየቀለደ አይደለም። ባላምባራሱን የሚጫወተው አጠገቡ ቆሞ ጆሮውን ቀስሯል። ጽጌ የምትለው "ውሃ" ብቻ ነው።

ጋሽ ልዑልሰገድ ትርንጎን ወደ ጥግ ሳባት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ በዚህ ነገር እንደማላምን ታውቂያለሽ" አላት። "ግን ለማንኛውም፣ ያቺ ሸክላ ሻጭ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ጠርተናት እንትፍ ብትልባት ምን ይጎዳል? አንቺ በገበያ ታውቂያት የለ፣ ሄደሽ ለምኛት።"

ትርንጎ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ቦታ ያጡ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እናቷ የክት ነጠላዋን አጣፍታ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። በቀኟ ያለው ወንበር ባዶ ነው። በግራዋ ያለውም ባዶ ነው።

ተመልሳ መጥታ ጨርቁን ከመምህሩ እጅ ነጠቀችና ባልዲ ውስጥ ከተተችው።

"ለጽጌ ሻይ በብዙ ስኳር አምጡላት፣ ዳቦም ስጧት" አለች። "መታጠን ካስፈለገ ደግሞ መጀመሪያ አንተ ታጠን፣ መምህር።" ከዚያ ወደ ጋሽ ልዑልሰገድ ዞረች። "ሴትዮዋን አውቃታለሁ። እናቴ ናት። እሷ እንትፍ አትልም። እኔም ዛሬ መድረክ ላይ አልልም።"

መልሱን አልጠበቀችም። አመድ እንደተቀባች መጋረጃውን አልፋ ደረጃውን ወረደች። አዳራሹ ቴአትሩ የተጀመረ መስሎት አጨበጨበ። ትርንጎ ሄዳ በእናቷ ቀኝ ተቀመጠችና ሕዝቡ እንዲሰማ አድርጋ "እማዬ" አለቻት። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ።

እመት አሞኘሽ ዞር ብላ የልጇን ፊት መረመረች።

"ተኝተሽ ነበር? ጉንጭሽ ላይ ጆንያ ታትሞበታል" አለችና በነጠላዋ ጫፍ አሸት አሸት አደረገችላት።

በግራ በኩል ያለው ወንበር አሁንም ባዶ ነው። ከግድግዳው የተነቃነቀ ሰው የለም። እመት አሞኘሽ ወንበሩን አየችው፣ የቆሙትንም ሰዎች አየቻቸው። ከዚያ ከእግሯ ሥር ያለውን ዘንቢል ብድግ አድርጋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ እንዲያይም ወደ መድረኩ አዞረችው።

"ሰው ካልፈለገው ዘንቢሌ ይመልከትበት" አለች።