ስለ ጦርነቱ ጠይቄ የአኩሪ አተር ገበሬ ሆኜ ተመለስኩ

ስለ ጦርነት እርግጠኛ ሆኖ የሚያወራ ሰው ሁሉ ልጁ ቤት የተቀመጠችለት ሰው ነው! ተቆጡኝ፣ ግድ የለም። እኔም እስካለፈው ሰመር ድረስ ከእርግጠኞቹ አንዷ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጋኒስታን ስትመጣ ቻናል እቀይራለሁ። ጦርነቱ መኖሩን ግን አውቃለሁ። እንደ ፍሪጃችን ነው፤ ቀን ከሌት ያጉረመርማል፣ ማንም አይሰማውም።

ታዲያ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ልናቀራርብ ስንል ልጄ ሩት ዩኒፎርም ለብሳ ሳሎን ገባች። የወታደር ዩኒፎርም!

ሩት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚሁ ሚኒያፖሊስ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች በአማርኛ ስቆጣት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ኮሌጅ ገብታልኛለች ብዬ ተደስቼ ነበር፤ ገብታለችም። ለካ በጎን የስቴቱ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ተመዝግባ ኖሯል! ሰመሩን ሙሉ "ካምፕ ልሄድ ነው" ብላን ጠፍታለች። እኔ ሞኟ ከሕፃናት ጋር እሳት ዳር ማርሽማሎው የምትጠብስ መስሎኝ፣ ፀሐይ እንዳይመታት ክሬም ገዝቼ ሻንጣዋ ውስጥ ከትቼላታለሁ። ካምፕ ማለቷ የጦር ካምፕ ማለቷ ነበር!

"ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ" አለችኝ በዚያው በእንግሊዝኛዋ። "በሚቀጥለው ዓመት ምናልባት አፍጋኒስታን ሊልኩን ይችላሉ። ሜይቢ ነው።"

ሜይቢ! ይህች ቃል ስንት እናት አቃጥላለች? እስቲ አስቡት... ይኼ ጦርነት ሲጀመር ሩቴ የሶፋውን ጠርዝ ይዛ መራመድ እየለመደች ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት ገባች፣ ጥርሷ ረገፈ፣ ሌላ በቀለ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ጦርነቱ ግን አላለቀም። ለካ ቁጭ ብሎ እሷን ሲጠብቅ ኖሯል!

ደግነቱ የምርጫው ሽር ጉድ የተጀመረበት ሰሞን ነበር። "ፕሬዚዳንት ልሁን" የሚለው ሰው ብዛቱ! መድረክ ላይ ሲደረደሩ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ያህላሉ። እኔ ዜግነት ካገኘሁ ጀምሮ ድምፅ የምሰጠው ባለቤቴ ጌታቸው ማንን እንደመረጠ ጠይቄ፣ ለሌላኛው ነበር። ትዳር ሚዛን ይፈልጋላ! አሁን ግን ነገሩ የልጅ ጉዳይ ሆነ። አንድ ትልቅ ወረቀት ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ሦስት ቦታ ከፈልኩት፦ "ያወጣል"፣ "አያወጣም"፣ "ይቀባጥራል"። ወታደሮቹን ማለቴ ነው። ክርክር በመጣ ቁጥር እስክሪብቶዬን ጨብጬ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ! በሁለተኛው ክርክር "ይቀባጥራል" የሚለው ቦታ ሞልቶ ተጨማሪ ወረቀት በፕላስተር ቀጠልኩለት።

"ወታደሮቻችንን በኃላፊነት እናስወጣለን" ይላል አንዱ።

"በኃላፊነት ማለት መቼ ነው?" እላለሁ ወደ ጌታቸው ዞሬ።

"እኔ ቁምሳጥኑን አስተካክላለሁ ስልሽ እንደማለት ነው።"

"አንተ እኮ ቁምሳጥኑን አስተካክለህ አታውቅም!"

"እሱም እንደዚያው ነው የሚለው።"

ጌታቸው ራሱ ተወዳዳሪ የሚመዝነው በከረባት ነው። "ይኼ ከረባቱን ሚስቱ ናት ያሰረችለት፤ ጦርነት አያቆምም" ይላል። የእኔ ወረቀት ይሻላል ወይስ የእሱ ከረባት፣ እናንተው ፍረዱ።

ቅጠል የሚረግፍበት ፎል ሲገባ፣ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ ቁመቱ የመብራት ምሰሶ የሚያህለው፣ ሴንት ፖል ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ጂም ሊመጣ ነው ተባለ። ሕዝብ መጠየቅ ይችላል! ወዲያው ለጫልቱ ነገርኳት። ጫልቱ ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ አብራኝ ካርቶን የምታሽግ ጓደኛዬ ናት። ቤቷ ኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ፣ ከሱፐርቫይዘራችን ጋር ዝምታ ትናገራለች።

"እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ፤ አንቺ ትጠይቂያለሽ" አለችኝ።

ለአንድ ሳምንት ተለማመድኩ። ሥራ ላይ ጥያቄዬን አንድ ካርቶን ክዳን ላይ በትልቁ ጽፌ፣ እያሸግኩ አነበንባለሁ። ሐሙስ ዕለት ካርቶኑን ብፈልገው የለም። አሽጌ ልኬዋለሁ! እስከ ዛሬ አንድ የማላውቀው ሰው ሻምፑውን ሊያወጣ ካርቶኑን ከፍቶ "ይህን ጦርነት መቼ ነው የምታቆመው?" የሚል ጽሑፍ አግኝቶ፣ ሚስቱ የላከችበት መስሎት ታርቋት ይሆናል። በረከት ይሁንላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጫልቱና እኔ ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞረን፣ ዘግይተን ገባን። ጂሙ ጢም ብሏል። ክፍት ወንበር የነበረው አረንጓዴ ቆብ ያደረጉ ትልልቅ ሰዎች መሀል ብቻ ነው። በአውቶቡስ ተጭነው ከስቴቱ ደቡብ የመጡ ናቸው። እነማን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ ወንበር ያገኘ ሰው ጥያቄ አያበዛም።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ አንዲት ባለ ነጭ ፀጉር አሮጊት ማይክ ይዛ እየዞረች ነበር። ጫልቱ ክንዴን ይዛ ብድግ አደረገችው። ማይኩ መጣ። ቆምኩ...

በነነ! ለሳምንት የተለማመድኩት ሁሉ በነነ። "አፍጋኒስታን" የሚለው ቃል ራሱ፣ ሳምንቱን ሙሉ ምላሴ ላይ ሲያድር የሰነበተው፣ የት እንደገባ እንጃ! በእንግሊዝኛ እንደምንም፣ "ይሄ ጦርነት... ቤተሰቦቻችን እየተሠቃዩ ነው። መቼ ነው የምታቆሙት?" አልኩ። "ልጄ..." ብዬ ልቀጥል ስል አሮጊቷ ማይኩን ወሰደችው። እዚህ አገር ማይክ በፈገግታ ተሰጥቶ በፈገግታ ነው የሚነጠቀው።

"ግሩም ጥያቄ ነው!" አለ ቁመታሙ። "ይህ ጦርነት ትርጉም የለሽ ነው!"

ልቤ ዘለለች።

"ያለ ዕቅድ ገባንበት!"

"አሜን!" አልኩ ጮክ ብዬ። የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው፣ አይለቀኝም።

"ዋጋውን የሚከፍሉት ፊልድ ላይ ያሉት ወገኖቻችን ናቸው!"

እውነቱን ነው! ፊልድ ማለት ግንባር ነዋ! ዕንባዬ መጣ። ይኼ ሰው "ያወጣል" የሚለው ቦታ ላይ ብቻውን በትልቁ ይጻፋል ብዬ ወሰንኩ።

"ለዚህ ነው አኩሪ አተራችን ጎተራ ውስጥ እየበሰበሰ ያለው!"

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አልኩ። ለወታደሮቹ ስንቅ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። አኩሪ አተር ለጉልበት ጥሩ ነው ይባላል... ግን ለምን ይበሰብሳል? ከዚያ "ቻይና" አለ። ቻይና ደግሞ ማን ጠራት?

ጫልቱ በክርኗ ጎሸመችኝ። "አንቺ! ይኼ ሰውዬ ስለ ንግዱ ጦርነት ነው እኮ የሚያወራው! አሜሪካ የቻይና ዕቃ ላይ ቀረጥ ስትጥል ቻይና አኩሪ አተር አልገዛም ያለችውን! ፊልድ ያለውም እርሻውን ነው!"

እኔ መልስ ሳልሰጣት ዙሪያዬን ያሉት አረንጓዴ ቆቦች በሙሉ ብድግ! ጭብጨባ! ፉጨት! ለካ የአኩሪ አተር ገበሬዎች መሀል ነው ተቀምጠን ያለነው። አንዱ ግዙፍ ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ እኔ ራስ ላይ ደፋው፤ እስከ ቅንድቤ ወረደ። ከዚያ አቀፈኝ።

"ስንት ኤከር መሬት ነው ያለሽ?" አለኝ።

ምን ልበለው? ያለኝ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ አንድ ጣሳ ጤና አዳም ነው። ጤና አዳምን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አላውቅ። "ትንሽ ናት" አልኩት።

ዓይኑ ዕንባ ሞላ። "በጣም የተጎዱት ትንንሾቹ ናቸው" አለ።

ለምን አላረምሽም ትሉኛላችሁ። ሞከርኩ እንጂ! ውጪ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማይክ ሲደቅንብኝ "አይ፣ አይ፣ እኔ ለልጄ ነው የመጣሁት" ብለው፣ "ልጅሽም ገበሬ ናት?" አይለኝም! በዚያው ምሽት ዜና ላይ ቆብ ደፍቼ ወጣሁ። ከሥሬ "የአኩሪ አተር ገበሬ" የሚል ተጽፏል። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እህቶች ከበቡኝ። "መሬት ስትገዙ እንዴት ሳትነግሩን!" ፓስተራችን ሳይቀር ከመድረክ "ስለ ወንድማችን ጌታቸው አዲስ እርሻ ጌታን እናመስግን" አለ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጌታቸው ግን ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ "አሜን!" አለ። ምናልባት ይሰጠን ይሆናል ብሎ ነዋ!

ሩት ቪዲዮውን ስልኳ ላይ ደጋግማ እያየች መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ወጥ ቤት ገባሁ። ስትከተለኝ ፊቴን አየችው።

"ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?"

"ሃያ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ላንቺ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ። እንግሊዝኛዬ ነው፣ ሩቴ። ሰው አይሰማኝም።"

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ያቺ በአማርኛ አልመልስም ብላ ያደገች ልጅ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ "እኔ... ትጠይቃለሁ" አለችኝ።

"እጠይቃለሁ" ማለቷ ነው። አላረምኳትም። እንዲህ ያለ አማርኛ ይታረማል?

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ተወዳዳሪ ሮቢንስዴል ወደምትባለው ከተማ መጣ። ይኼኛው ፈገግታው የማያልቅ ነው። በአንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሩት፣ ጌታቸው፣ ጫልቱና እኔ አራታችን ተደርድረን ተቀመጥን። ሩትን ዩኒፎርምሽን ልበሺ ብላት "ለፖለቲካ ስብሰባ ክልክል ነው" አለችኝ፤ በሹራብ መጣች። ሰውየው ከረባት ስላላሰረ ጌታቸው መመዘኛ አጥቶ ሲቁነጠነጥ ዋለ።

ሩት ተነሣች። እንግሊዝኛዋ እንደ ቅቤ ነው፤ አንዲት ቃል አትደናቀፍም። "አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የአፍጋኒስታን ጦርነት እኔን ያክላል። በሚቀጥለው ዓመት ልላክ እችላለሁ። እርስዎ ፕሬዚዳንት ቢሆኑ መቼ ያቆሙታል? እንዴትስ?" አለች። ጥርት! አፍጋኒስታን የምትለዋን ቃል እንኳ ሳትውጥ አወጣቻት። እኔ ወንበሬ ላይ በኩራት ስድስት ኢንች አደግኩ።

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ስለ አገልግሎትሽ አመሰግንሻለሁ" አለ። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ከዚያ ስለ አያቱ አወራ፤ አያቱ ባሕር ኃይል ነበሩ። ከዚያ ስለ ጡረተኛ ወታደሮች ሕክምና አወራ። ከዚያ ስለ አሜሪካ ተስፋ። "መቼ" የሚለውን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ... "ቀጣይ ጥያቄ!" ተባለ።

ሩት ተቀመጠች። ፊቷ ቀልቷል። "ማሚ፣ አልመለሰልኝም" አለችኝ በጆሮዬ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን የለም! "እንግሊዝኛዬ አይደለም!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ጌታቸው፣ ሰማህ? እንግሊዝኛዬ አይደለም ለካ!" ጫልቱ ከወንበሯ ብድግ ብላ አቀፈችኝ። ከፊታችን የነበሩት ሰዎች ዞረው የልደት ቀኔ የሆነ ያህል ፈገግ አሉልኝ። ልጄን አቅፌ ሳምኳት። እሷ ግራ ገብቷት "ማሚ፣ ይኼ እኮ መጥፎ ዜና ነው" ትለኛለች።

መጥፎ ነው፤ ግን ድፍረት ሰጠኝ። ስብሰባው ሲያልቅ ሕዝቡ ሰውየውን ሊጨብጥ፣ ፎቶ ሊነሣ ተሰለፈ። እኔም ሩትን አስከትዬ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ እጁን ዘረጋልኝ፤ በሁለት እጄ ያዝኩት። እኛ ደግሞ ስንጨባበጥ ታውቁናላችሁ፤ አንተ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ሥራ ደህና ሳንባባል አንላቀቅም።

"መቼ?" አልኩት።

"እንዴት ደስ ይላል እርስዎን..."

"መቼ?"

ሳቀ። ረዳቱ ሰዓቱን አየ። ሰውየው እጁን ቀስ ብሎ ሳብ አደረገ። ወንድሜ፣ ስድስት ዓመት ካርቶን ሳስር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እኔ የያዝኩት ነገር በራሱ አይፈታም! "ይቺ ልጄ ናት። መቼ?" አልኩት።

ያኔ ነው ያ ፈገግታ የወረደው። ከሥሩ አንድ የደከመው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ወጣ። ሩትን አያት። "ስምሽ ማን ነው?" አላት፤ ነገረችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሩት፣ ማቆም እፈልጋለሁ። መቼ እንደሆነ ግን... እውነቱን ለመናገር አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም" አለ።

ለቀቅኩት።

ወደ ቤት ለመመለስ አራታችንም መኪና ውስጥ ገባን። ሩት ትሄድ አትሄድ ያኔም አልታወቀም፤ ይህን ስጽፍም ገና ሜይቢ ነው። ይህን ሰውዬ ነው የምመርጠው ብዬ ስናገር እሷው ጠየቀችኝ።

"ማሚ፣ አላውቅም ላለ ሰው ነው ድምፅሽን የምትሰጪው?"

"ሌሎቹም እኮ አያውቁም።"

"ታዲያ እሱ በምን ተለየ?"

"እጁን ይዤው ነበራ!"

ጌታቸው መሪውን ይዞ ሳቀ። ጫልቱ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተንጠራራችና በሙሉ ቁም ነገር፣ "በሚቀጥለው ስብሰባ ግራ እጁን እኔ እይዛለሁ" አለች። "ለሁለት ከያዝነው ቀኑንም ይነግረን ይሆናል።"