ያልገዛሁት ጫማ እና እትዬ ይጣራልኝ

ሰፈር ሁሉ አንድ እትዬ ይጣራልኝ አለው። ከሌለው ገና ሠርተው አልጨረሱትም ማለት ነው፤ መንገዱ ተነጥፎ፣ መብራቱ ገብቶ፣ የሚከራከር ሰው ብቻ ቀርቶታል። የእኛ ሰፈሯ እትዬ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው።

በወጣትነታቸው የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ከሩቅ መስመር የሚመጣ ይመስላል፤ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ የሚጎተት፣ ግን የማይቋረጥ። ክርክር ሲጀምሩ አይቆጡም። መጀመሪያ "ማን ልበል?" ይላሉ። ያ ሰው ስሙን ከተናገረ አለቀለት።

ክብርት እትዬ አንድ ጊዜ የገዙት ዳቦ ቀለለባቸውና ሥጋ ቤት ወስደው አስመዘኑት። ባለሥጋ ቤቱ ዳቦውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ "አጥንት ይጨመርበት?" ብሎ ቢቀልድ፣ "ማን ልበል?" አሉት። የእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው የወጡበትን ፎቶ ይዘው ፎቶ አንሺው ዘንድ ሄዱ። "እኔ በዚያ ቀን አልተኛሁም። ይጣራልኝ!" ምስኪኑ ፎቶ አንሺ ሲፈልግ ውሎ የእሳቸው ዓይን የተከፈተበት አንድ አገኘ። እዚያኛው ላይ ግን ሙሽራዋ ጨፍናለች።

እኔ ደግሞ የለየልኝ ተቃራኒያቸው ነኝ። መጋረጃ ሰፊ ነኝ። መስኮት ሥር ተቀምጬ ስስ ጨርቅ ስሰፋ ነፋስ ጨርቁን ያነሳዋል፤ ሐሳቤም አብሮት ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ መልስ ቢያጎድሉብኝ የሚገባኝ ቤት ገብቼ ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን "ይሁን" ብዬ ወደ መርፌዬ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ጨርቁ ላይ ተኝታ እኔም ልተኛ ስል፣ ስልኬ ጮኸ። የባንኩ መልእክት ነው። ሄጄበት በማላውቀው ከተማ ካለ ጫማ ቤት በካርዴ ጫማ ተገዝቷል። ከሥሩ ደግሞ ስሙ የማይገባኝ አንድ ድርጅት ትንሽ ገንዘብ ወስዷል። ካርዴን ፈለግሁት፤ ቦርሳዬ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል። እግሬን አየሁት፤ ያው የድሮው ነጠላ ጫማ ነው። እውነት ለመናገር መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "በሕልሜ ገዝቼ ይሆን?" የሚል ነበር።

ቀጥሎ የመጣችልኝ እናቴ ናት። ገንዘቡ ለእሷ ጥርስ ማስተከያ ያጠራቀምኩት ነበር። የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ እናቴ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። እያደር መሳቁንም ተወችው።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። እትዬ ይጣራልኝ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ እዚያው አገኙኝ።

"ምነው ልጄ? ፊትሽ እንደምትሰፊው ጨርቅ ነጥቷል።"

ነገርኳቸው።

"ካርዱን አዘጋሽው?"

"ገና ነኝ እትዬ። ነገ ምናልባት..."

"ነገ! ሌባው ነገ ካልሲ ይገዛበታል!"

ዘንቢሉን አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ። ወደ ባንኩ ደወልን። ሙዚቃ ከፈቱልን፤ እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት። "ደስ ይላል፤ ግን አበዙት" አሉ። ሰው ሲያነሳ ስልኩን ወደ ጆሮዬ ገፉት። "አንቺ ተናገሪ፤ ሂሳቡ ያንቺ ነው። የሚስጥር ቁጥርሽን ቢጠይቁሽ ግን ጆሯቸው ላይ ዝጊው፤ እውነተኛ ባንክ እሱን አይጠይቅም።" አልጠየቁኝም። ካርዱ ተዘጋ። እትዬ በጎን ያንሾካሹካሉ፦ "የአቤቱታ ቁጥር ስጡኝ በያቸው... ማን ልበል በያቸው..."

በማግሥቱ ጠዋት ባንኩ ስንገባ ሠራተኞቹ መካከል ትንሽ ንፋስ ያለፈ መሰለኝ። አንዱ ገንዘብ ከፋይ በዚያ ማለዳ ምሳው ትዝ አለው። እኛ ወረፋ ይዘን ተቀመጥን። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ከላይ ካሉት መስኮቶች ብርሃን እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኔ የመጋረጃዎቹን ጠርዝ እያየሁ፣ ፈትቼ እንደገና ብሰፋቸው እያልኩ፣ ርቄ ሄጄ ነበር። እትዬ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ተራችን ደርሷል።

የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"እትዬ! ዛሬ ደግሞ ምን ይዘው መጡ?"

"ዛሬ ባለጉዳይዋ እሷ ናት። እኔ አጃቢ ነኝ" አሉ፣ እንደ አጃቢ ሳይሆን እንደ ዳኛ ወንበሩን እየሳቡ።

ሠራተኛዋ ሂሳቤን ከፈተች። "ሁለቱንም ወጪ ነው የምትቃወሚው?"

"አዎ" አልኩ፤ ነገሩ እንዲያጥር ብዬ።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ እትዬ። "ጫማው ገባኝ። ሁለተኛዋ የምንድን ናት?"

ሠራተኛዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። የመጋረጃ ንድፍ የሚያሳይ ድረ ገጽ ነው፤ በየወሩ የሚቆረጥ። ያኔ ትዝ አለኝ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ የሚያማምሩ መጋረጃዎች ሳይ፣ አንድ ነገር ተጭኜ ነበር። ፊቴ ጋለ። ወደ እትዬ ጠጋ ብዬ "ትንሽ ናት እኮ፤ አብራ ብትመለስስ?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

እትዬ ዞረው አዩኝ። ድምፃቸው ከመቼውም በላይ ለሰለሰ። "ልጄ፣ ይጣራልኝ ማለት ይፈረድልኝ ማለት አይደለም። የእኔ ነው በይ።"

"የእኔ ነው" አልኩ።

ሠራተኛዋ ሳቀች። "እኔን ምን እንዳደረጉኝ ብታውቂ! አምና በስህተት ሂሳባቸው ውስጥ ገንዘብ ገብቶ፣ የማን እንደሆነ ይጣራልኝ ብለው ባለቤቱ እስኪገኝ ድረስ ሲመላለሱብኝ ከረሙ። ሰው ገንዘብ ተረፈኝ ብሎ ሲጨቃጨቅ ያን ጊዜ አየሁ።"

"ተገኘ አይደል?" አሉ እትዬ።

"ተገኘ፣ እትዬ። ተገኘ።"

ቅጹን ሞላሁ፤ የጫማውን ብቻ። ዕለቱን፣ የጫማ ቤቱን ስም፣ ካርዴ ከእጄ እንዳልወጣ ጻፍኩ። እትዬ ኮፒው ላይ ማኅተም ካልተመታ ከወንበሩ አልነሳም አሉ። "ሲጣራ እንደውልላችኋለን" ስትለንም "መቼ? የሚደውለው ማን ልበል?" ብለው ቀኑንም ስሙንም አስጻፉኝ።

መጠበቁ ረዘመ። አንዳንድ ጠዋት "እስኪ እንሂድና እንጠይቅ" ይሉኛል፤ አብረን እንሄዳለን። መንገዱ ዛፍ የበዛበት ነው። እየሄድን ስለ ማዞሪያው ያወሩልኛል። ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ተቀምጠው የማያውቋቸውን ሰዎች ድምፅ ሌሊትና ቀን ሲያገናኙ ኖረዋል። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ተጣልተው ባልየው ስልኩን ቢዘጋው እትዬ መልሰው ደወሉለት። "መስመሩ ተቋርጦ ነው፤ ባለቤትዎ እየጠበቁ ነው አልኩት።"

"ይቻል ነበር እንዴ እትዬ?"

"አይቻልም። ግን ልጅቷ እያለቀሰች ነበር።"

ሲያወሩ ዓይናቸው ሩቅ ያያል። እኔም እሰማለሁ፤ ባንኩ ሳናስበው ይደርሳል።

በመጨረሻ ሠራተኛዋ ራሷ ደወለች። ጫማ ቤቱ ገዥው እኔ መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃ አላቀረበም። ገንዘቤ ተመልሷል፤ አዲስ ካርድም ወጥቶልኛል። እናቴን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ጥርሷ በተተከለ ሰሞን ስደውልላት ጎረቤቷ አንድ ነገር እያወራቻት ነበርና እናቴ ከት ብላ ሳቀች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት፤ የደወልኩበትን ጉዳይ ረሳሁት።

ለእትዬ ልነግራቸው ወጣሁ። እልል ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መስኮታቸው ሥር ተቀመጡና "እሰይ" አሉ በቀስታ። ከዚያ "እንግዲህ አለቀ በያ" አሉ። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ስንወርድ ለምን እንደዚያ ይፈጥኑ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እኔም ብሆን መጋረጃ ስሰፋ ጆሮዬን ከላይ ወደሚሰማው ኮቴ መጣል ጀምሬያለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት በራቸውን አንኳኳሁ።

"ምን ወሰዱብሽ ደግሞ?" አሉ፣ ዓይናቸው እየበራ።

"ምንም።"

"ታዲያ ወዴት ነው?"

"እንዲሁ፣ እትዬ። ትንሽ ዞር ዞር እንበል።"

ትንሽ አሰቡና ሻርፓቸውን ሊያመጡ ገቡ። ወጥተን ዛፎቹ ሥር ስንደርስ ክንዴን ያዙና መንገዱ ወደሚረዝምበት ማዶ ጎተቱኝ።

"በዚያ በኩል ጥላ ይሻላል" አሉ።

ጥላው በእኛ በኩል ነበር። አልተከራከርኳቸውም።