ሻይ ያመጣችው ልጅ ስሟ ማን ነው?

እኛ ሰዎች በመጨረሻ ነገር ላይ ጨካኞች ነን። ሰው ስንመርቅ «መጨረሻህን ያሳምረው» እንላለን እንጂ «መሀልህን ያሳምረው» ያለ ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም። መሀሉ እንደፈለገው ይሁን፤ ሰውየው ይራብ፣ ይታሰር፣ ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለት ጊዜ ይፍታ፣ ጉዳያችን አይደለም፤ ብቻ መጨረሻው ይመር። ይህን ምርቃት ለሰው ብቻ መስጠታችን ግን ትልቅ ጉድለት ነው ባይ ነኝ። መጽሐፍ ለሚጽፉም ሊደርሳቸው ይገባል። በተለይ አንዱን ታሪክ ለሦስት ከፍለው ለሚጽፉት። ሦስት መጽሐፍ ማለት እኮ ሦስት ጉልቻ ነው፤ ሁለቱ ደህና ቆመው ሦስተኛው ከተንጋደደ ወጡ የሚደፋው እግር ላይ ነው። እኔ ቤሩት፣ ዓይን ኤል ረማነህ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የወጥ ቤት በረንዳ ላይ ቆሜ፣ የተደፋው ወጥ የማንን እግር እንዳቃጠለ አይቻለሁ።

አንቺ ደግሞ ስለ መጽሐፍ ለማውራት ማን ሾመሽ እንዳትሉኝ። የካውያ ሹመት አለኝ። የምሠራበት ቤት ልጅ ያራ ትባላለች፤ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷ ገልፍ አገር ነው የሚሠራው፤ እናቷ፣ ማለትም ማዳሜ፣ ስልክ ላይ ናት፤ እኔ ደግሞ ስተኩስ የትም አልሄድም። ልብስ ከሚተኩስ ሰው የተሻለ አድማጭ አምላክ አልፈጠረም፤ እጁ ተይዟል፣ እግሩ ቆሟል፣ ጆሮው ብቻ ሥራ ፈትቷል። ስለዚህ ያራ በእንግሊዝኛ ያነበበችውን ሶፋው ላይ ተጋድማ በዐረብኛ ትነግረኛለች፤ እኔም በማግስቱ ልብስ ሳሰጣ ለበረንዳዎቹ በአማርኛ እነግራለሁ። መጽሐፉ እኛ ዘንድ ሲደርስ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ትንሽ ከስቶ፣ ትንሽ ጠቁሮ ይደርሳል።

በረንዳዎቹ ያልኩት የእኛን ሕንፃ የጓሮ በረንዳዎችና የፊት ለፊቱን ነው። የቤቱ በር ይቆለፋል፤ በረንዳ ግን አይቆለፍም፤ ልብስ ፀሐይ ማግኘት አለበታ! ከእኔ በላይ እትዬ እታገኝ አለች፤ የጎጃም ሴት፣ የሁላችን አንጋፋ፣ አንሶላ ስታራግፍ ሰው የምትገሥጽ የምትመስል። ከፊት ለፊቴ መዲና ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ ከሐይቅ አካባቢ። መዲና በዐረብኛ ከተማ ማለት ነውና ማዳሟ «ሰውን ከተማ ብዬ አልጠራም» ብላ ሊንዳ አለቻት። ሁለቱ ሲጠሩኝ «የኔታ» ነው። ለአክብሮት ይሁን ለሹፈት ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከአንድ የጨው መንደር አንዲት ልጅ ደሴት ላይ ባለ ቤተ መንግሥት ልታገለግል ትወሰዳለች። ንግሥቲቱ የአገልጋዮቿን ስም እየነጠቀች በጠርሙስ ታሽጋለች፤ ስም የሌለው ሰው ደግሞ ወደ አገሩ የሚወስደው መንገድ አይታየውም። እኔ እዚህ ላይ አንድ ትልቅ የትርጉም ውሳኔ ወሰንኩ። ንግሥት ብል ማን ያውቃታል? ማዳም አልኳት። በረንዳው ሁሉ ወዲያው ገባው። እንዲያውም እትዬ እታገኝ ሳትጠየቅ «ጠርሙሱ ፓስፖርት ነው» ብላ ተነተነች፤ ከዚያ በኋላ ምንም ማብራሪያ አላስፈለገም።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ልጅቷ ጠርሙሶቹ ያሉበትን ክፍል አግኝታ አለቀ። ሁለተኛው የራሷን ጠርሙስ በጉያዋ ይዛ፣ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ከጎኗ ቆሞ፣ ባሕሩ ዳር ላይ ደርሳ አለቀ። ሦስተኛው ገና ስላልታተመ ልጅቷ እዚያው ዳርቻ ላይ ዓመት ሙሉ ቆመች። እኛም አብረናት።

ለአብዛኞቻችን ይህ የልብስ ማስጫ ጨዋታ ነበር። ለመዲና ግን አልነበረም። ኮንትራቷ እያለቀ ነበር፤ ማዳሟ ደግሞ «ሁለት ዓመት ጨምሪ» እያለች ትለማመጣታለች። ሐይቅ ያለችው እናቷ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ «ፊትሽን ሳይጠፋብኝ ልየው» ብላ ልካባታለች። መዲና መሄድ ትፈልጋለች፤ መሄድንም ትፈራለች። አገር ከገቡት ስንቶቹ ተመልሰው እዚሁ መጡ! ለማዳሟ እሺም እንቢም ሳትል ቆየች። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ነገረችን።

«ያቺ ልጅ እናቷ ደጅ ከደረሰች እኔም እሄዳለሁ» አለች። «እሷ ጠርሙሱን ይዛ ካቃታት ግን እኔ ማን ነኝ?»

እትዬ እታገኝ ከላይ አንገቷን አወጣች። «ሰው አምላኩን ይጠይቃል፤ አንቺ የያራን መጽሐፍ?»

«አምላኬንማ ጠይቄያለሁ እትዬ። መልሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አልነገረኝም።»

ይኼን ጊዜ ነው የእኔ የትርጉም ሥራ የከበደኝ። አስቡት፤ የአንዲት ሴት የአገር መንገድ በእኔ ምላስ ላይ።

ሦስተኛው መጽሐፍ መጣ። ያራ ራስ ቤሩት ሰፈር ካለ መጽሐፍ መሸጫ ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ ገዛችው፤ ክፍሏን ዘግታ አነበበችው፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ጩኸቷን ሰምታ ማዳሜ ሰው የሞተ መስሏት ስልኩን ዘጋች፤ እንግዲህ ከዚህ የነገሩን ክብደት ገምቱ። የያራ ጓደኞችም በየቤታቸው ያለቅሱ ነበር። ለቅሶው ለካ ልጅቷ ጀልባ ቀዛፊውን ትታ የቤተ መንግሥቱን ዘበኛ ስላገባች ነው። እኔ ካውያዬን አቁሜ፣ እናቷ ዘንድ ደረሰች ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«የምን እናት?» አለች ያራ።

ልብ በሉ፤ ያራ ክፉ አይደለችም። መጽሐፉም እናትየዋን ረስቷታል። ያራ አፍንጫዋን እየጠረገች የቀረውን ነገረችኝ፤ ልጅቷ ንግሥቲቱን አሸነፈች፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ዙፋኑ ላይ ራሷ ተቀመጠች፣ በደግነትም ገዛች። በመጨረሻው ገጽ መስኮቱ አጠገብ ሆና ባሕሩን ስታይ አንዲት አገልጋይ ሻይ አመጣችላት። ኸላስ፤ አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት የእርጥብ ልብስ መዘፍዘፊያውን ይዤ ወጣሁ። ትርፍ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተናገርኩ። ያ የትርጉም ውሳኔዬ ግን እግሬን ያዘኝ፤ ያኔ ንግሥቲቱን ማዳም ብያለሁና አሁን ሌላ ቃል ከየት ላምጣ?

«ማዳም ሆነች» አልኩ።

ከዚያ እትዬ እታገኝ ጀመረች። ጸሐፊዋን፣ የጸሐፊዋን አስተማሪ፣ ያተመውንና የሸጠውን በየተራ አዳረሰቻቸው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥልቅ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ሰምቼ አላውቅም፤ ግማሹን ማተም ባይቻልም። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«ሻይ ያመጣችው ልጅ ስሟ ማን ነው?»

ማታ ያራን ጠየቅኳት። መጽሐፉን ከወደቀበት አንሥታ ገለጠች፣ መልሳ ገለጠች። የዘበኛው ፈረስ ስም አለ። የልጅቷ የለም።

መዲና ግን በዚያ ጠዋት ገና ያልተሰጣውን አንሶላ ከነውኃው ይዛ ገባች፤ በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም ልብሷን ፈጥና አስጥታ ሳታየን ትገባ ጀመር። አንድ ያልታጠበ የፈረንጅ ተረት አምጥቼ የሰው ልጅ ከእናቷ አስቀረሁ ስል፣ አንድ ጠዋት መዲና የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። አውጥታ ገመዱ ላይ ሰካችው።

«የኔታ» አለች፣ «ያቺ ልጅ የቀረችው መንገዱ ጠፍቷት አይደለም፤ ወንበሩ ተመችቷት ነው። እኔን ምን ተመችቶኝ ነው የምቀረው?»

ከላይ እልል ተባለ፤ ቀስ ብሎ፣ ማዳሞቹ እንዳይነቁ። መዲና የዚያኑ ዕለት ለማዳሟ «መርሲ፣ አልጨምርም» አለቻት። ስትሄድ የመቆንጠጫ ከረጢቷን በሕንፃዎቹ መሀል አሻግራ ወረወረችልኝ፤ እስካሁን የማሰጣው በእሱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከሐይቅ የመዲና የድምፅ መልእክት መጣ። እናቷ ፊቷን በእጇ ዳብሳ፣ ከዚያ በቀረው ዓይኗ አይታ፣ «ከስተሻል» አለቻት አሉ። «ሦስተኛው መጽሐፍ ይኼ ነው ብለሽ ለያራ ንገሪልኝ» ይላል መልእክቱ። ስተኩስ ነገርኳት። ያራ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ጀልባ ቀዛፊውስ?»

ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ለመዲና አስተላለፍኩት። ብዙ ሣቅ ላከች፤ በሣቁ መሀል «አንድ የባጃጅ ነጂ አለ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ እናያለን» የሚል ይሰማል። ያራ ከመጽሐፉ ይሻላል ብላ ፈረደች፤ ለጓደኞቿም ላከችላቸው። ራስ ቤሩት ድረስ የሐይቅ ባጃጅ ነጂ ደጋፊ አፍርቷል።

እዚህ ላይ ባቆም መጨረሻዬ ባማረ። ግን መጨረሻ ያበላሸውን ሰው እንዲያ ስሰድብ ቆይቼ ልዋሻችሁ?

ባዶው በረንዳ ባዶ አልቀረም። አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ ሸሚዝ በአንገቱ በኩል ስትሰቅል አየኋት፤ አዲስ መሆኗን በዚያ ለየሁ፤ ሸሚዝ በጫፉ ነው የሚሰቀለው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አለች እትዬ እታገኝ ከላይ፣ ለራሷ። ያቺ ጸሐፊ ለካ አንድ ነገር ልክ ነበረች፤ ዙፋን ላይ የወጣው ቢወጣ፣ አገሩ የገባው ቢገባ፣ ሻይ የምታመጣ አትጠፋም። ያጠፋችው ስሟን ባለመጠየቋ ነው።

ስለዚህ ጠየቅኩ።

«ሊንዳ» አለች ልጅቷ፣ ዞር ብላ ወደ ወጥ ቤቱ እያየች።

«እናትሽ ያወጣችልሽን ነው የጠየቀችሽ» አለች እትዬ እታገኝ።

ልጅቷ ቀና አለች። ድምፅ ከሰማይ የመጣ ሳይመስላት አልቀረም። «ታንጉት።»

«አልሰማሁም።»

«ታንጉት!»

ከመዲና ከረጢት መቆንጠጫ አውጥቼ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ታንጉት» አልኩ፣ «በአንድ የጨው መንደር አንዲት ልጅ ነበረች...»

«አንቺ ሁለቱን ንገሪያት» አለች እትዬ እታገኝ አንሶላዋን እያራገፈች። «ሦስተኛውን እኔ እነግራታለሁ።»