ክብርት እትዬ መፍቻና የተቆለፈበት ኮሚቴ

የትም ብትኖሩ፣ የተበላሸ ነገር ሲያይ ፊቱ የሚበራ አንድ ሰው በሰፈራችሁ አይጠፋም። እናንተ ቧንቧው ፈነዳ ብላችሁ ስትጮሁ እሱ እጅጌውን እየሰበሰበ ፈገግ ይላል። ደህና የሚሠራ ዕቃ ያስከፋዋል። የቆመ፣ የላላ ወይም የሚንቋቋ ነገር ያገኘ ዕለት ግን ደስታውን አይችለውም። በእኛ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት እትዬ መፍቻ ናቸው።

እትዬ መፍቻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የሙያ መምህርት ናቸው። ለትልልቆቹ ክፍሎች ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የቧንቧና የቁልፍ ሥራ ያስተምራሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ መፍቻና ፒንሳ ስለማይጠፋ ሲራመዱ ይንቃጨላሉ፤ ያረፈዱ ተማሪዎች በዚህ ድምፅ ብዙ ጊዜ ተርፈዋል።

አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ታሞ ሆስፒታል ልንጠይቀው አብረን ሄድን። ሰውየው ሕመሙን ገና ማውራት ሲጀምር ክብርትነታቸው ጆሯቸውን ወደ አልጋው አዘነበሉ። «ይሄ አልጋ ይጮኻል» አሉ። ያመጡትን ብርቱካን በሽተኛውን አስይዘው አልጋው ሥር ገቡ። ሲወጡ ነርሷ በአክብሮት እጃቸውን ይዛ ወደሚቀጥለው ክፍል ወሰደቻቸው። እኔና በሽተኛው ብርቱካኑን ጨርሰን ተሰነባበትን፤ እሳቸው ግን ገና አልተመለሱም ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከተማሪዎቻቸው ጋር የተሳፈሩበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ቆመ። ሹፌሩ የሞተሩን ክዳን ሲከፍት ሌላው ተሳፋሪ አናቱን ያዘ፤ እትዬ መፍቻ ግን ልጆቹን አሰለፉ። ሹፌሩ ጉዳቱን አግኝቶ ካስተካከለ በኋላ እንኳ አልለቀቁትም። «የኋለኞቹ አላዩም፤ እባክህ እንደገና አላላው» ብለው ዓይናቸውን በጨው ታጥበው ለመኑት። የሚገርመው ማላላቱ ነው። ተሳፋሪው የተናገረውን እዚህ መጻፍ አልችልም።

የሚያስተምሩበት ዘዴ አንድ ጥያቄ ናት። ተማሪ «ገባኝ» ሲላቸው ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው ያዩትና «ለእጅህስ ገባው?» ይላሉ። ለእጅ የሚገባው ደግሞ ፈትቶ፣ አበላሽቶ፣ እንደገና ሲገጥም ብቻ ነው። በዚህ ሕግ ምክንያት በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያልተፈታ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ልጄን የነጠቁኝም በዚሁ ሕግ ነው።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ የእሳቸውን ወርክሾፕ መረጠች። እኔ ደግሞ ገና በእግሯ ሳትቆም ነጭ ጋውን አልብሻት፣ ለዘመድ አዝማዱ «ዶክተሯ» እያልኩ ማስተዋወቅ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ልጅቷ ዝምተኛ ናት። ሰው ፊት «እኔ እንኳን…» ብላ ትጀምርና መሬት መሬት ታያለች፤ የጀመረችውን ስትጨርስ ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ ያለች ልጅ ከብረትና ከመዶሻ ጋር ምን አላት ብዬ ከለከልኳት። በማግስቱ በራችን ላይ ያ መንቃጨል ተሰማ።

«ልጅዎን ለምን ከለከሏት?» አሉኝ እትዬ መፍቻ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ዶክተር እንድትሆን ስለምፈልግ ነው።»

«ትሁና! ማን ከለከላት? የሆስፒታሉ ማሽን ሲቆም ግን ዶክተሯ አብራ ቆማ ልታለቅስ ነው?»

ሻይ እንዲፈላ ሳዝ ዓይናቸው ካውያዬ ላይ አረፈ። ሻዩ ተፈልቶ ሲመጣ ካውያው ጠረጴዛው ላይ ተበታትኗል፤ ልጄም አጠገቡ ተንበርክካለች። «እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ሳትነግሪኝ እንዳትገጥሚው!» ብለዋት ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ በተጨማደደ ሸሚዝ ቢሮ ገባሁ። ልጄም፣ እኔ እሺ ሳልል፣ ወርክሾፕ ገባች።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍል ጠበበው። የወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ትልቅ መጋዘን ያላቸው ነጋዴ፣ ወርክሾፑ ተዘግቶ የፈተና ማጠናከሪያ ክፍል እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። የወርክሾፑ ተማሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ማሽኖቹ አርጅተዋል፤ የሚከለክሉ ወላጆችም ብዙ ነን። እትዬ መፍቻ በተቃራኒው አዲስ የብየዳ ማሽንና ልጆቹ ከሰዓት በኋላ የሚለማመዱባቸው የሥራ ቦታዎች ይፈልጉ ነበር። እኔ የኮሚቴው አባል ነኝ። ልክ ነው፣ እንዲዘጋ ልመርጥ ቆርጬ ነበር።

ስብሰባው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተጠራ። እትዬ መፍቻ አስተያየታቸውን ለመስጠት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃሉ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጆቻችንን የላክነው እንዲማሩ እንጂ ብሎን እንዲያጠብቁ አይደለም» አሉ። አብዛኞቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። ርዕሰ መምህሩ መምህርቷን ሊጠሩ ተነሥተው የበሩን እጀታ ያዙ። ወደ ታች ጫኑት፤ በሩ ወይ ፍንክች!

«እትዬ መፍቻ!» ብለው ጮኹ። «በሩ እምቢ አለ!»

ከውጭ ያ መንቃጨል ወደ በሩ ቀረበ። «ጠዋት ተማሪዎቼ ቁልፉን ፈተው ገጥመውት ነበር» አሉ እትዬ መፍቻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በስብሰባ ቀን?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ሌላው ሁሉ ተፈቷል። ያልተነካ የቀረን እሱ ብቻ ነበር።»

ሰብሳቢው ደማቸው ፈላ። ወደ መስኮቱ ሄደው የብረት ፍርግርጉን ይዘው ወዘወዙት። ነቅነቅ አላለም። የበየዱት የእትዬ መፍቻ የቀድሞ ተማሪዎች መሆናቸውን ርዕሰ መምህሩ በጆሮዬ ነገሩኝ፤ ለሰብሳቢው ግን ማናችንም አልነገርናቸውም።

«በሉ ይክፈቱልና!» አሉ ሰብሳቢው።

«እኔ አልገጠምኩትም። የገጠመችው ትክፈተው።»

«ማናት እሷ?»

«እኔ ነኝ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ድምፁ የልጄ ነው። ወርክሾፑ ይቆይ ወይም ይዘጋ የሚለው ነገር ሁሉ ድንገት እሷ እጅ ላይ ወደቀ፤ ያቺ ምስኪን ደግሞ ለእንግዳ ሰላምታ እንኳ በቅጡ መስጠት አትችልም። መምህርቷን አምርሬ ረገምኳቸው። ምን አለ አንዴ እንኳ ራሳቸው ቢከፍቱት!

ካቻቢቴው ብሎኑ ላይ ሲንሸራተት ሰማን። ሰብሳቢው ትዕግሥታቸው አልቆ በሩን በትከሻቸው መግፋት ጀመሩ።

«እባክዎ ከበሩ ራቅ ይበሉ» አለች ልጄ። «ሲገፉት የቁልፉ ምላስ የባሰ ይነክሳል። አባዬ፣ አንተ እጀታውን ወደ ላይ ይዘህ ቁም። እኔ ሳልልህ እንዳትለቀው።»

ሰብሳቢው ራቅ አሉ። እኔም ቆምኩ። እጀታውን እንደያዝኩ ነው የገባኝ፤ ልጄ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰችው። አንዱን ብቻ አይደለም፣ ተከታትለው የመጡትን ሁሉ ጨረሰቻቸው።

ከዚያ ከበሩ ውጭ አንድ ነገር ጠብ አለ።

«ሞላው ወደቀ…» አለች። ድምፅዋ ሰለለ። «ቲቸር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«ይንቀጥቀጥ» አሉ እትዬ መፍቻ። ቀርበው እንደቆሙ ከድምፃቸው ያስታውቃል። «የኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። አንሺውና ቀጥዪ፤ እዚሁ ነኝ።»

እንዲህ ለስለስ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። እርግማኔን በልቤ መለስኩት። የተመለሰ እርግማን የሚደርስበት ቦታ ካለ ይድረስልኝ።

«አባዬ፣ አሁን ልቀቀው።» ለቀቅሁት። ቀጭ አለና በሩ ተከፈተ። ልጄ ግንባሯ በላብ ርሶ፣ ጉንጯ ላይ ግራሶ ተለቅልቃ ቆማለች። ከኋላዋ እትዬ መፍቻ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል። ምን ያህል ቢያሳክካቸው ነው!

ሁላችንም የሰብሳቢውን ቁጣ ጠበቅን። ሰውየው ቁልፉን ጎንበስ ብለው አዩና «ምን ሆኖ ነበር?» አሏት።

«ጠዋት ሞላውን፣ ይሄን ጥቅልል ሽቦ፣ ገልብጬ ገጥሜው ነበር። ምላሱ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው አጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አሁን ግን ገብቶኛል።»

«ለእጅሽስ?» አሉ እትዬ መፍቻ።

«ለእጄም።»

ወደ ቦታችን ስንመለስ ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነኝ። «ወርክሾፑን ላስዘጋ ነበር የመጣሁት» አልኩ። «ዛሬ ግን የልጄን ድምፅ ሰማሁት። ቤቴ ውስጥ ያላገኘሁትን ድምፅ ወርክሾፑ ውስጥ አግኝታዋለች። ከዘጋችሁት እኔን አስወጡኝ።» የተቀመጥኩት ዓይኔን እየጠረግሁ ነው፤ አላፍርበትም።

ሰብሳቢው ዞረው በሩን አዩት። «የኔ መጋዘን ግማሹ በር አይዘጋም፤ ግማሹ አይከፈትም» አሉ በመጨረሻ። «ልጆቹ ከሰዓት በኋላ እዚያ መጥተው ይለማመዱ። በስብሰባ ቀን ግን እንዳይመጡብኝ።» እጅ ወጣ። ወርክሾፑ እንዲቆይ፣ የብየዳ ማሽኑም እንዲፈለግ ተወሰነ። የማጠናከሪያ ትምህርቱ ማታ ማታ እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ይሰጣል። ሌላው ሰው ቢሆን አመስግኖ ይወጣል። ክብርት እትዬ መፍቻ ግን ለደስታ የሚተርፍ ጊዜ የላቸውም።

«እንግዲያው» አሉ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ «ቁልፉን ሁላችሁም በየተራ ትፈቱታላችሁ። ባዶ ክፍል ላይ የሠሩት ደግሞ አይቆጠርም፤ ሰው ከውስጥ ሲጠብቃችሁ ነው ሥራ የሚለየው። እናንተዬ፣ ማን ይቀመጥልናል?»

ኮሚቴው እግሬ አውጪኝ አለ። ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን እንኳ የወሰዱት ኮሪደሩ ከደረሱ በኋላ ተመልሰው፣ በሩን በእግራቸው ደግፈው ነው። እኔ ወንበር ስቤ መደርደሪያዎቹ መሃል ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ አትሄድም እንዴ?» አለች ልጄ። «የጀማሪዎቹ ተራ ነው፤ ሊመሽብህ ይችላል።»

«ይምሽ» አልኳት። «ዝጊው።»