የእንግሊዝ ኮሚኒስቶች ደጋፊ በሆሳዕና

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የሆሳዕና ከተማ በሙሉ ስለ እንግሊዝ ኳስ ሲጨቃጨቅ፣ አጎቴ ላምቤቦ የሚደግፉት የእንግሊዝን ኮሚኒስቶች ነበር! እንዲህ ያለ ደጋፊ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ለንደንን በዓይናቸው አላዩም፤ ግን የትኛው ዋና ጸሐፊ በማን እንደተተካ፣ ሶቪየት ሃንጋሪን ስትወርር ስንቱ አባል ፓርቲውን ጥሎ እንደወጣ ሲያወሩ ልባችሁ ይንጠለጠላል። "በጋዜጣቸው ሰበብ ተጣሉ፣ ተከፈሉ፣ የተከፈሉትም ተከፈሉ! በመጨረሻ መሪው በቁጥር ከአባሉ በለጠ!" ይሉና እንደተሸነፈ ክለብ ደጋፊ ይተክዛሉ።

ታዲያ አንድ እሁድ የሰፈራችን እድር አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ ሊቀመንበር መረጠ። አጎቴ ተወዳድረው በጎረቤታቸው በአቶ ኤርጫፎ ተሸነፉ። ወዲያው ብድግ አሉ።

"የሚደግፈኝ ይከተለኝ! አዲስ እድር አቋቁማለሁ!"

ግማሹ ሰው ተነሳ። ጉድ በሉ! ያለን የለቅሶ ድንኳን አንድ ነው፤ በምን ልንካፈለው ነው? በመቀስ?

እኔም አላስቻለኝም። "አጎቴ፣ እነዚያ እንግሊዞች ተከፋፍለው ሲያልቁ ፓርቲያቸውን ማን ቀበረው?" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ማን ይቀብረዋል? ሰው የት ተርፎ!" አሉ በንዴት። ከዚያ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ፣ ወደ በሩ የጀመሩትን እርምጃ ገቱ።

"እንግዲያው ቁጭ ይበሉ ጋሼ፤ እኛ ገና ቀባሪ እንፈልጋለን" ሲሉ አቶ ኤርጫፎ፣ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

በዚያው ሳምንት በሰፈራችን ለቅሶ ሆነ። አጎቴ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከአቶ ኤርጫፎ ጋር ድንኳኑን ተከሉ።