የእማማ ኖራ ድስትና ሦስቱ ሳህኖች

(አየርላንድ፣ ዌክስፎርድ ገጠር። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ፊንታንና የሚስቱ ወንድም ኮልማን በኮልማን እናት በእማማ ኖራ ወጥ ቤት ቀይ ቢራ ሊጠምቁ ከጠዋት ጀምረው ገና ብቅል ምርጫ ላይ ናቸው። ሟቹ የኮልማን አባት ይጠምቁበት የነበረው የመዳብ ድስት ምድጃው ላይ ተከድኖ ተቀምጧል። ፊንታን ይህን ድስት ለመውረስ ያልተመኘበት ቀን የለም፤ አሁን ግን ጀርባውን ሰጥቶት እጁን እያወናጨፈ ነው።)

ፊንታን፦ የእንግሊዝ ብቅል እዚህ ድስት አይገባም አልኩህ እኮ።

ኮልማን፦ ከየት እንደመጣ ዝም ብንልስ?

ፊንታን፦ ምላስ ይለየዋል፣ አንተ ሰው። እናትህ የአምናውን ቢራችንን ቀምሰው ምን አደረጉት?

ኮልማን፦ ሳማው ላይ ደፋችው።

ፊንታን፦ ሳማውስ?

ኮልማን፦ ነፍሱን ይማረው።

ፊንታን፦ ዘንድሮም የአባትህን ቢራ ጣዕም ካላገኙበት ድስቱን ለጎረቤቱ ለማላኪ ሊሰጡት ነው። ጎመን ሊቀቅልበት። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ዋናው ብቅል ላይ ነው። ቤት ያለ መሠረት ይቆማል?

ኮልማን፦ የዶሮ ቤታችን ቆሟል።

ፊንታን፦ ተወው። ቢራው ቀይ ነው። እንግዲህ የሚያቀላው ብቅል የትኛው ነው?

ኮልማን፦ የዛገው?

ፊንታን፦ (ወደ ጣሪያው እያየ) በል ሳህኖቹን አምጣና ዓይኔን በፎጣ እሰርልኝ። ብቅል የሚመረጠው በጥርስ ነው። የአገራችን ነጣ ያለው፣ የእንግሊዙና ጠቆር ያለው የጀርመኑ፤ የሦስቱንም ቦታ አቀያይረህ ደርድር።

ኮልማን፦ ምን ምን እንደሆነ ልንገርህ?

ፊንታን፦ ከነገርከኝማ ለምን ታሰርኩ?

(ኮልማን ወጣ ብሎ ተመለሰና ሦስት ሳህን ደረደረለት። ፊንታን ከመጀመሪያው ቆንጥሮ አላመጠ።)

ፊንታን፦ ጀርመን። ጠንካራ፣ ሥርዓት ያለው።

ኮልማን፦ ሥርዓቱ የት ጋ ነው?

ፊንታን፦ መንጋጋዬ ላይ። ቀጥል። (አላመጠ) ይሄ እንግሊዝ ነው። ትሑት መስሎ ይገባና አልወጣም ይላል።

ኮልማን፦ ልማዱ ነው።

ፊንታን፦ ሦስተኛው… (ቀስ ብሎ እያላመጠ) አቤት። ይሄ የእኛው ነው። የባሕሩ ነፋስ አለበት፣ የአባትህ የፒፓ ጭስ አለበት። ኮልማን፣ አባትህ እዚህ ሳህን ውስጥ ናቸው።

ኮልማን፦ እኛ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቀብረነዋል።

(ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።)

ኮልማን፦ እሱስ ምንድን ነው?

ፊንታን፦ ጥርሴ ነው። በደስታ ነው የተሰበረው። ይህንኑ ሦስተኛውን ብቅል ድስቱ ውስጥ ጨምር።

ኮልማን፦ ድስቱማ ሞልቷል።

ፊንታን፦ በምን?

ኮልማን፦ በብቅል። ጠዋት ስለ እንግሊዝ ማውራት ስትጀምር በሙቅ ውሃ ነከርኩት። ይኸው ድፍድፉ ጣፍጧል።

ፊንታን፦ (ፎጣውን እየገፈፈ) የትኛውን ብቅል?

ኮልማን፦ እማዬን ጠየቅኳት። «አባትህ የአገራችንን ነጩን ብቻ ነበር የሚነክረው፤ ቅላቱ የሚመጣው ከአንድ እፍኝ የተቆላ ገብስ ነው» አለችኝ።

ፊንታን፦ ይሄ ይጠየቃል? ታዲያ እኔ ምን እያላመጥኩ ነው የቆየሁት?

ኮልማን፦ የአገራችን ብቅል ድስቱ ውስጥ ገብቶ ስላለቀ፣ ሌሎቹንም እንዳላባክን ብዬ፣ የዶሮዎቹን ጥሬ ገብስ ሦስት ቦታ ከፈልኩልህ። ልንገርህ ብልህ እምቢ አልክ።

ፊንታን፦ (ጉንጩን ይዞ ተቀመጠ) ድስቱስ?

ኮልማን፦ «አባትህ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ የጠየቀኝ የለም» አለችና ለእኔ ሰጠችኝ።

(በሩ ላይ ዶሮዎቹ ተሰብስበው ሳህኖቹ ላይ ያለውን ገብስ፣ ከዚያም ፊንታንን ያያሉ።)

ኮልማን፦ በል ውጣና ራታቸው የየት አገር እንደሆነ አስረዳቸው። እኔ እንደሆንኩ አዋቂ አይደለሁም።